ቱሪስት የያዘው ሰው

ቱሪስት በሽታ መሆኑን ያወቅሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው።

ዛሬ የቱሪዝም ዲግሪዬን ደብረ ማርቆስ ካለች ክፍሌ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ ለገጠር ሰዎች የእንግዳ አቀባበል ሥልጠና እየሰጠሁ የምተዳደረው እኔ፣ ያን ጊዜ ከወባና ከቱሪስት የትኛው ይብስ ይሆን እያልሁ ስጨነቅ የከረምሁ ልጅ ነበርሁ። እውነቱን ለመናገር፣ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬም ስለ ቱሪስት የዚያን ጊዜውን ያህል እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም።

ማንም አልዋሸኝም። በገዛ ጆሮዬ የሰማሁትን ነው ያመንሁት።

አገራችን ወይራ ምንጭ ይባላል። ከቁይ ገበያ ሽቅብ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ከበላዩ ዝግባ አፋፍ የሚባል ተራራ አለ። እኔ ስወለድ ከወይራውም ከዝግባውም የቀረው ስሙ ብቻ ነበር። ምንጩም ቢሆን ጥር ሲገባ ይደርቅና እናቶቻችን ገደሉን ወርደው ከሸለቆ ይቀዱ ነበር። ተራራው የሁሉም ነው፤ የሁሉም ከብት ይግጥበታል፤ የሁሉም በመሆኑም ተግጦ ተግጦ የከሳ ላም ጎድን መስሎ ነበር።

በኅዳር ወር አንድ እሑድ፣ ቅዳሴ እንዳለቀ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለው ሜዳ ላይ ሕዝቡ ተሰበሰበ። ከደብረ ማርቆስ የመጣች ምሥራቅ የምትባል የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ መካከሉ ላይ ቆማለች። ቦቲ ጫማ ተጫምታለች። ቦቲ የተጫማች ሴት አይቼ ስለማላውቅ፣ ይህች ሴት የምታወራው ነገር መቼም ጭቃ ያለበት ነው ብዬ ገመትሁ። እኔ ከእናቴ ከየብርጓል ጀርባ በነጠላዋ ጫፍ ተሸፍኜ ቁጭ ብያለሁ። ነፋሱ ግማሹን ቃል ያመጣልኛል፣ ግማሹን ይዞት ይሄዳል።

«ቱሪስት ባሕር ዳር ከገባ ቆይቷል» አለች ምሥራቅ። «ላሊበላማ ሞልቶታል። አሁን ደግሞ ወደ እኛም ዞን እየገባ ነው።»

ባለፈው ክረምት ኩፍኝ የገባ ጊዜም እንዲሁ ነበር የጀመረው፤ እዚያ ገባ፣ እዚህ ገባ እየተባለ።

«ስንት ቀን ይቆያል?» ብለው ጠየቁ አያ አንሙት። አያ አንሙት ጎረቤታችን ናቸው፤ በሰፈራችን ከሳቸው የበለጠ ከብት ያለው አልነበረም። ድምፃቸውም ከብት ከማዶ የሚመልስ ድምፅ ነው።

«እንደ አያያዙ ነው» አለች። «አንዳንዱ ሦስት ቀን፣ አንዳንዱ ሳምንት። አንድ ጊዜ በደንብ ከተያዘ ግን በየዓመቱ ይመላለሳል።»

ወባ ማለት ነው፣ አልሁ በልቤ።

ቀጥላ መደረግ ያለበትን ዘረዘረች። ከብት ከተራራው ይውረድ። ተራራው ይዘጋ። እያንዳንዱ አባወራ ሽንት ቤት ይቆፍር። እጅ በሳሙና ይታጠብ። «በተለይ ደግሞ እናቶች፣ ልጆቻችሁን ያዙ፤ ከኋላ ከኋላ እየሮጡ እንዳይጎትቱ፣ እንዳይነካኩ!» እናቴ እጇን ወደ ኋላ ልካ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። ይህ ሁሉ የወረርሽኝ ካልሆነ የምን ምልክት ነው?

ሕዝቡ ያጉረመርም ጀመር። «ተራራው ከተዘጋ እኛም ተዘጋን» አሉ አያ አንሙት። እኔ ቀና ብዬ ዝግባ አፋፍን አየሁት፤ በሩ በየት በኩል ይሆን ብዬ።

ከዚያ ፊርማ ተጠየቀ። ማንም ንቅንቅ አላለም። ኋላ ግን አንድ ሰው ከወንዶቹ መካከል ሲነሣ ታየኝ፤ ከእግሮች ብዛት የተነሣ ማን እንደሆነ አልለየሁትም። እናቴ ግን ትንፋሿን ስትውጥ ሰማኋት።

ቤት ስንደርስ የአባቴ የታረቀኝ አውራ ጣት ሰማያዊ ሆኗል። እናቴ በአመድ ብትፈትገው፣ በቅጠል ብታሸው አልለቅ አለ።

«ይኸ ነገር አንድ ነገር ሳያመጣብን አይቀርም» አለች።

«ይምጣ» አለ አባቴ። «ውኃውም አብሮ ይምጣ እንጂ።»

በሽታው ከጣት እንደሚጀምር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ልጅቱ ያላወቀችውን ልናገርላት። ከዚያ ስብሰባ በፊት በነበረው ጥር እናቴ ጀሪካን አዝላ ከሸለቆው ስትወጣ ወድቃ ነበር። ለእኔ የተነገረኝ «ትንሽ አሟታል» የሚል ብቻ ነው። ያን ቀን ታናሼ ሊሆን የነበረው ልጅ ሆዷ ውስጥ እንደ ነበረ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ እንዳልነበረ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አባቴ ከሁሉ ቀድሞ የፈረመው ስለ ቱሪስት ብሎ አልነበረም። ተራራው ከብት ካልረገጠው፣ ሣርና ዛፍ ከያዘ፣ ምንጩ ይመለሳል መባሉን ሰምቶ ነው። ሌላው ሰው ያየው ግን ሌላ ነገር ነበር፤ እንደ አባቴ ሁለት በሬና አንዲት ላም ብቻ ያለው ሰው፣ የባለብዙ ከብቱን ግጦሽ ሲዘጋ።

ኋላ ኋላ ሌላውም እየተጎተተ ፈረመ። ተራራው ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ እኛን ይሸሽ ጀመር።

በመጀመሪያ የሸሸችኝ ዜማ ናት፣ የአያ አንሙት ልጅ። ጧት ጧት አጥራችንን ዘልላ የምትመጣው ልጅ አጥሩ ማዶ ቆማ ቀረች።

«እናንተ ቤት አትሂጂ ተብያለሁ» አለችኝ።

«ይጋባል እንዴ?»

ዜማ የማታውቀውን ነገር አላውቅም ብላ አታውቅም። ትንሽ አሰበችና «ሳይጋባ አይቀርም» አለች።

ቀጥሎ የመድኃኔዓለም ማኅበር ጽዋ ተራው የኛ ሆኖ ሳለ ቤታችንን ዘሎ ሄደ። እናቴ የጠነሰሰችው ጠላ ጠጪ አጥቶ እጋኑ ውስጥ ኮመጠጠ። ዕቃችንን ላለመንካት ነው ብዬ ተረዳሁ፤ ተገቢ ጥንቃቄ ነው ብዬም አደነቅኋቸው። የገብስ አጨዳ ደረሰ፤ በየማሳው ወንፈሉ እየዘፈነ ሲያጭድ ከኛ ማሳ ላይ ሁለት ጀርባ ብቻ ጎንበስ ቀና ይላል፤ የአባቴና የእናቴ። አያ አንሙት ሁለት ጊደሮቻቸውን ቁይ አውርደው በርካሽ የሸጡት በዚሁ ሰሞን እንደ ነበረ አሁን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን በኛ በር ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞሩት ትንፋሻችንን ፈርተው መስሎኝ፣ እንዳይጨነቁ ብዬ አፌን በእጄ እይዝላቸው ነበር።

አባቴ ላይ በሽታው ጸና። በቀትር ጋቢ ይከናነባል። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። እናቴ እንጀራ ስታቀርብለት አንድ ጊዜ ይጎርስና እጁን ይሰበስባል። ሲያዩት ደኅና ይመስላል፤ አያስለው፣ አያተኩሰው። ቱሪስት ግን እንዲህ ያለ በሽታ ነው፣ ውስጥ ለውስጥ ነው የሚሄድ ብዬ ደመደምሁ። አሁን ሳስበው፣ በዚያ ዘመን ከተናገርሁት ሁሉ ወደ እውነቱ የተጠጋሁት እዚህች ላይ ብቻ ነው።

መድኃኒት ፍለጋ ወደ የኔታ አካለ ወልድ ሄድሁ። የኔታ የቅኔ መምህር ናቸው። ቅኔ አዋቂ ሰው ቀጥተኛ ጥያቄ ቢጠይቁትም ጠምዝዞ ነው የሚሰማው፤ ይህን ማን ይንገረኝ! ከጎጇቸው ደጅ ፀሐይ እየሞቁ ደበሏቸው ላይ ቁንጫ ሲፈልጉ አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ሳምሁና ጠየቅሁ።

«የኔታ፣ ቱሪስት የያዘው ሰው ያልፍለታል?»

ቀና ብለው አዩኝና ሳቁ። «ያልፍለታል እንጂ! እንዴት አያልፍለትም!»

«መቼ ነው የሚያልፍለት?»

«እሱማ ውኃው ሲመጣ ነዋ። ዋናው ውኃው ነው፣ ልጄ። ውኃው ይገኝ እንጂ የቀረው ዕዳው ገብስ ነው።»

እኔ የጠየቅሁት ስለ በሽታ፣ እሳቸው የመለሱልኝ ስለ ሀብት። አንዲት ቃል ለሁለታችንም በቅታን፣ ደስ ብሎን ተለያየን።

በማግስቱ ማለዳ፣ የጥር ውርጭ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፣ ከእንሥራው አንድ ጣሳ ሙሉ ቀዝቃዛ ውኃ ቀዳሁና ከአባቴ ራስ ላይ ቸለስሁት። ብድግ አለ። ውኃው ከጢሙ ይንጠባጠባል። በአገሩ ሁሉ የታወቀ ቁጡ ሰው ነበር፤ እግሩን ቢረግጡት እንኳ የሰባት ቤት ትውልድ ይቆጥርባችኋል። ዐይኔን ጨፍኜ ኩርኩሙን ጠበቅሁ።

ምንም አልመጣም። ዐይኔን ስገልጥ ርጥቡን ጋቢ ስቦ ተመልሶ ተኝቷል።

በሕይወቴ እንደዚያ ማለዳ ፈርቼ አላውቅም። ስለዚህ በሁለተኛውም ቀን ደገምሁ። በሦስተኛው ቀን፣ ዐይኑን ሳይገልጥ፣ «ውኃውን አታባክኚው፤ እናትሽ ከሸለቆ ነው ያመጣችው» አለኝ፤ በለሆሳስ፣ ልክ ከሩቅ አገር እንደሚናገር ሰው። ጣሳውን አስቀምጬ ከበረት ኋላ ሄጄ አለቀስሁ። መድኃኒቱ አልሠራም።

በየካቲት አንድ ቅዳሜ ቱሪስት ራሱ መጣ።

ሁለት ናቸው፤ አንድ ሽማግሌና አንዲት ሴት፣ ባልና ሚስት። ምሥራቅ ከፊት ሆና ትመራቸዋለች። ከአጥራችን ሥር ተኝቼ በቀዳዳ አየኋቸው። ፊታቸው ቀልቷል፤ የሽማግሌው አፍንጫ ተገሽልጦ ነጭ ቆዳ ተንጠልጥሎበታል። ሁለቱም ትንፋሽ አጥሯቸው ዐሥር እርምጃ በሄዱ ቁጥር ይቆማሉ። በቆሙም ቁጥር ከያዙት ሃይላንድ ውኃ ይጎነጫሉ። የኔታ አልተሳሳቱም ነበር ማለት ነው፤ መድኃኒቱ ውኃ ነው፤ እኔ በራስ ላይ ማፍሰሴ እንጂ ማጠጣት ነበረብኝ።

አባቴ ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ። ሽማግሌው በሁለት እጁ የአባቴን እጅ ጨበጠ። ሰማያዊ የነበረውን ጣት ጨምሮ! አባቴ እየመራ ዝግባ አፋፍን አስወጣቸው። ወፍ ሊያዩ፣ ከአናቱ ላይ የበቀለውን ጅብራ የሚባል ረጅም የደጋ ተክል ሊያዩ ነው አሉ። እስከ ከሰዓት በኋላ ቆይተው ሲወርዱ አባቴ ፈገግ ብሏል፤ ከኅዳር ወዲህ ያየሁት የመጀመሪያ ፈገግታ ነው። ሽማግሌው ባልተጋጠው ሣር ላይ ተንበርክኮ፣ ሣሩን በእጁ እየዳበሰ ምን እንዳለ አባቴ ለእናቴ ይነግራታል። እኔ ግን ሊሞት የተቃረበ በሽተኛ ፈገግ ይላል ሲባል ሰምቻለሁ። ያን ሌት በእናቴና በአባቴ መካከል ገብቼ ተኛሁ።

እሑድ ሆነ። ቅዳሴ አልቆ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በየቡድኑ ተቀምጧል። አባቴ ከካቡ ሥር ሄዶ ተቀመጠ። አጠገቡ የነበሩት ሁለት ሰዎች ነጠላቸውን አራግፈው ተነሡና ራቅ ብለው ተቀመጡ። ከእሱ ግራና ቀኝ አንድ በሬ የሚያስተኛ ባዶ ቦታ ቀረ።

«እሺ ታረቀኝ» አሉ አያ አንሙት ከማዶ፣ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው። «እንግዶችህ በደኅና ገቡልህ? ምን ይዘውልህ መጡ?»

አባቴ መሬት መሬት ያያል።

ሰው እንዴት የታመመ ሰው ላይ እንዲህ ይጨክናል? ካቡ ላይ ወጣሁና ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህሁ።

«አባቴን አትሽሹት! ወዶ አይደለም፤ ቱሪስት ይዞት ነው! የኔታን ጠይቄያለሁ፤ ያልፍለታል!»

ከዚያ አንዲት ሴት በነጠላዋ አፏን ይዛ ፈነዳች። ከዚያ ደጁ በሙሉ ሳቀ። የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተንፈቀፈቁ። አያ አንሙት እንባቸው እስኪወርድ ሳቁና፣

«ልጅቱ አወጣችው!» አሉ። «እውነቷን ነው! እሱ ያልፍለታል፣ እኛ እናልፋለን!»

ሳቁ እንደገና ተነሣ። እኔም ከካቡ ላይ ሆኜ አብሬ ሳቅሁ። ሰው የሚስቀው ደስ ሲለው ነው፤ ደስ ያላቸው ደግሞ አባቴ እንደሚድን ስላወቁ ነው። አባቴም የሳቀ መስሎኝ ነበር።

ዕለቱኑ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባቴና አያ አንሙት ከዝግባ አፋፍ ቁልቁል አብረው ሲወርዱ አየሁ። አያ አንሙት የኛን ገመድ ጠቅልለው ትከሻቸው ላይ አድርገዋል። ሁለቱም ጎንበስ ብለው እያወሩ ናቸው። በራችን ላይ ደርሰው እንደ መሄድ አያ አንሙት ጎንበስ ብለው ገቡ፤ ከሦስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። እናቴ ጠላ ስትቀዳላቸው ግማሹን መሬት ላይ አፈሰሰችው። ከደስታ ብዛት ነው አልሁ። ዜማ በማግስቱ አጥሩን ዘልላ መጣች። አባቴም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጧት ጧት እየተነሣ ወደ አያ አንሙት ቤት መሄድ ጀመረ። በሚቀጥለው ወር ወንፈል ተጠራ። የማኅበሩ ጽዋ ቤታችን ገባ።

ሁሉም በአንድ ጩኸት ሆነ። ታረቀኝን ያስታረቅሁት እኔ ነኝ!

ይህን ታሪክ ይዤ አደግሁ፤ እንዲያውም ይዤው ሥራ ተቀጠርሁ። ምንጩ በሦስተኛው ዓመት ጥርን ተሻገረ፤ ዛሬ ዓመቱን ሙሉ ይወርዳል፤ እናቶች ገደል መውረድ ቀርቶላቸዋል። ከተራራው ሥር አራት የእንግዳ ጎጆዎች ተሠሩ፤ አንዷ ወዲያው ፈረሰች፤ ሦስቱ አሉ። እንግዳውም እንደተባለው አልጎረፈም፤ አንዳንድ ዓመት ይመጣል፣ መንገድ ሲከፋ ይቀራል። አያ አንሙት እንዳሉት አላለፍንም፣ የኔታ እንዳሉትም ብዙ አላለፈልንም። ሣሩ ግን በሸክም ይታጨዳል፣ ላሞቹም ከድሮው ይሻላሉ። እኔ ደግሞ ደብረ ማርቆስም፣ ደምበጫም፣ ሉማሜም፣ ሥልጠና በሰጠሁበት ሁሉ በዚህ ቀልድ ነው የምከፍተው። «አንድ ማኅበረሰብ እንዴት ይታረቃል?» እላለሁ። ከካቡ ላይ የቆመች ልጅ ሥዕል በስላይድ ሳይቀር አሠርቻለሁ። ሰው ይስቃል። እኔም የምስቀው ከሁሉ በላይ ነው። አባቴ ራሱ እንግዳ ሲመጣ «በሽታዬ መጣ» እያለ ይቀልዳል።

አምና ግን ሥልጠናው ወይራ ምንጭ ደረሰ። እናቴ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ሁሉም ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ማታ እራት ሳይደርስ ምስር እየለቀመች ሳለ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«ያን እሑድ ነው እንዲያ የምታወሪው?»

«አዎ፤ ምነው?»

«አባትሽ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እህል አልቀመሰም። ሣር ላምጣ ብሎ ገመዱን ይዞ ወጣ።» ከምስሩ ውስጥ ጠጠር አወጣችና ጣለች። «በሰንበት ሣር ማን ያጭዳል? ዘወር ብል ማጭዱም እንደተሰቀለ ነው።»

እጄ ላይ የነበረው ስልክ መሬት ወደቀ። አላነሣሁትም።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሮጥሁ።»

«ወዴት?»

«ወደ አንሙት ቤት።»

«ወደ አያ አንሙት? ምነው፣ ያን ጊዜ ጠላታችን አልነበሩም?»

«የገፋው ሰው ካልመለሰው ማን ይመልሰዋል?» አለች እናቴ። «ታረቀኝ ገመድ ይዞ ወጣ አልሁት። ሌላ ቃል አልጨመርሁም። ጫማውን እንኳ አላጠለቀም፤ ተራራውን እየሮጠ ሲወጣ አየሁት።»

ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ኩራቴን በልቤ እያገላበጥሁ ቀኑን ቆጠርሁ። ጧት ሳቁ፤ ከሰዓት ገመዱ።

«እምዬ፣ የኔ ጩኸት ነው እንዴ…»

«አንቺ ልጅ ነበርሽ» አለችኝ። ምስሩን ወደ ድስቱ ገለበጠችው።

በማግስቱ አያ አንሙት ቤት ሄድሁ። አሁን ዐይናቸው ደክሟል፤ ከደጃፋቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነው የሚውሉት። በድምፄ ለዩኝ። ሥልጠናው እንዴት ነበር፣ ቀልዱንስ አወራሽው ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ያን ቀልድ ይወዱታል። አጠገባቸው ተቀመጥሁና እናቴ የነገረችኝን ነገርኋቸው። ፈገግታቸው ጠፋ። በበትራቸው መሬቱን ይጭሩ ጀመር።

«አያ አንሙት፣ እዚያ ላይ ሲደርሱ ምን አሉት?»

«ምን እለዋለሁ?» አሉ። «ትንፋሼ ቁርጥ ብሏል። ከአፋፉ ካለችው ኮሶ ሥር ተቀምጧል፤ ገመዱ ከጉልበቱ ላይ ነው። አላየኝም፤ አይቶኝም ይሆናል። ሄጄ ከጎኑ ተቀመጥሁ። ይቅር በለኝ እንዳልለው አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ ኩራቱ ነዋ! ስለ ጊደሮቼም ልቤ ገና አልበረደም። ዝም እንዳልል ደግሞ ፀሐይዋ እየሄደች ነው። በአፌ የመጣልኝን አልሁት።»

«ምን?»

«‹ያ ቦራው በሬዬ እግሩን አሞት ያነክሳል፤ ነገ በጧት መጥተህ እይልኝ› አልሁት።»

«እሱስ?»

«ዝም። ዝም። ዝም። ኋላ ግን ‹የትኛው እግሩ ነው?› አለኝ። ‹የኋላ ቀኙ› አልሁት። ‹ከመቼ ወዲህ?› አለኝ። ‹ሚካኤል ዕለት ጀመረው› አልሁት። ገመዱን አንሥቼ ያዝሁ። እሱ እየጠየቀ፣ እኔ እየዋሸሁ፣ እንዲያ እንዲያ ስንል ተራራውን ወረድን።»

«በሬው አላነከሰም ነበር?»

«ምን ያነክሳል! ያን ሳምንት ሙሉ ሲያርስ ነው የሰነበተ።»

«ጧት አባቴ ሲመጣስ?»

አያ አንሙት በደከመ ዐይናቸው ወደ በረቱ ዞሩ።

«መጣ። ከብቱ ሳይወጣ ነው የደረሰ። አባትሽን ታውቂዋለሽ፤ በከብት ነገር እሱን የሚያታልለው የለም። ጎንበስ ብሎ እግሩን አነሣ። ኮቴውን ተጫነው፣ አሸተተው፣ ሰኮናውን ፈልቀቅ አድርጎ አየው። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ላቡ ከጀርባዬ ይወርዳል። ብዙ ቆየ።»

«ምን አለ?»

«‹አብጧል› አለኝ።» በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «‹ሳምንት ሙሉ ጧት ጧት እየመጣሁ በጨው ውኃ ካላጠብሁት አይሽርም።› እኔም ‹ተባረክ› አልሁት፤ ውኃውን አሞቅሁ፤ እግሩን ያዝሁለት። ሳምንት ሙሉ አጠብነው፣ ያንን ደኅና እግር።»